ስምንት ወር ሞላት፤ ትወርውር ወይስ ትጠብቅ?

ጤና ይስጥልኝ የሰሜን ሸዋ ስፖርት ወዳጆች። ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆች ሰብስቤ ውርወራ አሠለጥናለሁ። ከመንዝ የመጣች አንዲት ጦር ወርዋሪ አለችኝ። አምና ነሐሴ ልምምድ ላይ ጦሩን ስትለቅ ክርኗ ውስጥ ጧ ያለ ነገር ተሰማት። ድምፁን እኔ አልሰማሁም፤ ያየሁት ፊቷን ነው። ሲመረመር ጅማቱ ተበጥሷል ተባለ። መስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ከእጅ አንጓዋ ላይ ጅማት ወስደው ክርኗ ላይ ተከሉላት። ይኸው ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ስምንት ወር ሞላት። እጇ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ አያመኝም ትላለች። ሐኪሙ ግን ዓመት ሳይሞላት ውድድር የሚባል እንዳታስብ ብሏል። የዞኑ ውድድር ደግሞ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ድናለች ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ እኩል ቀን ቆጥሮ ይድናል እንዴ? የምናየው ቀኑን ነው ወይስ እጁን? የደረሰባችሁና የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉ።

ይህን የሰሜን ሸዋ ስፖርት ወዳጆች ቡድን ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እስከ እሁድ 43 መልስ ገባ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሌላችሁ ምን ተባለ እያላችሁ ስለወተወታችሁኝ፣ አንድ በአንድ ከምገለብጥ በራሴ አፍ ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። እሳቸው ስለ ክርን ትንፍሽ አላሉም። ልጅቱን ይማርሽ ብለው፣ እኔንም መርቀው፣ መጨረሻ ላይ ግን ሐኪም ተናግሮ ሳለ ሌላ ሰው መጠየቁ ለምን እንዳስፈለገኝ በትንሹ ወጋ አድርገው ሄዱ። ያኔ ምርቃቱን ብቻ ነው ያነበብኩት።

2ኛው የሸዋ ሮቢት በረኛ ነው። ኳስ ሊያወጣ ዘሎ በተዘረጋ እጁ ሲያርፍ ክርኑ ወልቆ ነበር። በውጭ በኩል ያለው ጅማቱ ተጠግኖለት በስድስተኛው ወር ጎል ውስጥ ቆሟል። በእሱ ሒሳብ ስምንት ወር ትርፍ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ላይክ አደረግሁለት።

3ኛው ኦፕራሲዮኑን ራሱን አልወደደውም። አያቱ ወጌሻ ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን በቅቤ አሽተው በሳምንት ይመልሱት ነበር ባይ ነው። ይህ ሰው በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ለጊዜው እንለፈው።

ነገሩ መልክ የያዘው በ4ኛው ነው። የጻፈችው ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ አነጋገሯ የተረጋጋ፣ ግን የማይለቅ። መጀመሪያ በረኛውን በትህትና አረመችው። ክርን ግራና ቀኝ ጅማት አለው። የእሱ የተጎዳው በውጭ በኩል ያለው ነው፤ ሰው ወድቆ እጁን ሲመረኮዝ የሚጎዳው እሱ ነው። ወርዋሪን የሚያስቸግረው በውስጥ በኩል፣ በትንሿ ጣት ወገን ያለው ጅማት ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይደለም የሚሄደው፤ ውርወራ በተደጋገመ ቁጥር ሲሳሳ ሲሳሳ ቆይቶ አንድ ቀን ይለቃል። ጦር ከትከሻ በላይ ሲወነጨፍ ክርኑን በውስጥ በኩል ከፍቶ ሊገነጥለው የሚታገል ኃይል አለ፤ ያንን የሚይዘው ያ ጅማት ነው፣ በየውርወራው። በረኛ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ የእሱ ስድስት ወር ለልጅቷ መስፈሪያ አይሆንም። በረኛው አልተቀየመም፤ 5ኛው መልስ የእሱ ምስጋና ብቻ ነው።

6ኛው የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ አሜሪካ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ቤዝቦል (አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ነፍሱ ነው። እዚያ ይህ ኦፕራሲዮን በአንድ ተጫዋች ስም እንደሚጠራ ነገረን። ቶሚ ጆን ይባላል፤ ግራኝ ወርዋሪ ነበር። በፈረንጆቹ መስከረም 1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስዶ ግራ ክርኑ ላይ ተከለለት። ከዚያ በፊት ተደርጎ የማያውቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙም የመመለስ ዕድሉን ከመቶ አንድ ነው ብሎት ነበር ይባላል። ሰውየው 1975ን ሙሉ ተቀምጦ በ1976 ተመለሰ። እስከ 1989 ድረስ ወረወረ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። የደብረ ሲናው ልጅ ይህን የጻፈው እኛን ተስፋ ለመስጠት ነው። እኔም ሰውየው መመለሱን ይዤ ዓመት ሙሉ መቀመጡን ዘለልኩት።

7ኛው ሕንዳዊውን ኒራጅ ቾፕራን ጎትቶ አመጣ። ጦር ወርዋሪ ስለሆነ ይኸኛው ለእኛ ይቀርባል። በፈረንጆቹ ሜይ 2019 ክርኑን ተቀዶ፣ በቀጣዩ ጃንዋሪ ደቡብ አፍሪካ ላይ 87.86 ሜትር ወረወረ፤ ከዚያ ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ። ቆጠርኩት፤ ስምንት ወር ከምናምን! 8ኛው መልስ የኔ ነው፤ ይኸው የምትል አንዲት ቃል። ከጎኗ ሦስት የጡንቻ ምልክት ደርድሬያለሁ፤ አልክድም።

በ9ኛው ፊዚዮዋ ተመለሰች። ቾፕራ ጅማት አልተተከለለትም፤ ከክርኑ ውስጥ የወጣለት የአጥንት ስባሪ ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ማራገፍና ለጫማው አዲስ ሶል ማስመታት አንድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችን። የጡንቻ ምልክቶቼን ልሰርዝ አሰብኩና ሰው አይቶታል ብዬ ተውኩት።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ስለ ብርድ ናቸው። እንዴት እዚያ እንደደረሱ አላውቅም። አንዱ የደብረ ብርሃን ብርድ የተሰፋ ነገር አያድንም አለ፤ ልጅቱን ቆላ አውርዷት፣ አጣዬ ወይ ሸዋ ሮቢት። ሌላዋ ክርኗን በመንዝ ባና እንድትጠቀልል መከረች። ሦስተኛው እውነተኛ የመንዝ ባና ዛሬ የት ይገኛል ብሎ ስለ ሱፍ ዋጋ ማማረር ጀመረ። አራተኛው ደግሞ መንዝ ከደብረ ብርሃን ይበርዳል አይበርድም የሚል ክርክር ከፈተ። የሚሻለው አልተገኘም። ለማንኛውም ብርድ ጅማትን አይበጥስም፤ ሳያሟሙቁ መወርወር ግን ማንንም ይጎዳል።

14ኛው ከሁሉም ረጅሙ ነው። እኔን ያስቀመጠኝም እሱ ነው። ፊዚዮዋ ተከላው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አስረዳች። ከአንጓ ላይ የሚወሰደው ቀጭን ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያዝ ነው፤ ክርን ላይ ሲገባ ግን አጥንትን ከአጥንት እንዲይዝ ነው የሚፈለገው። ሥራ ቀይሯል ማለት ነው። (ይህ ጅማት ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ከእግራቸው ወይ ከሌላ ቦታ ይወሰድላቸዋል። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አጋጥማችሁ አንጓችሁን እጥፍ አድርጉት፤ መሐል ላይ ገመድ መስሎ ብድግ የሚለው እሱ ነው። ክፍሌ ውስጥ ሞከርነው፤ ሁለት ልጆች ላይ ጠፋ፤ እስካሁን በዚያ ይቀልዱባቸዋል።) የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ላይ የራሱ ደም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ከገባበት ቀን ይልቅ ይደክማል። ከዚያ ቀስ እያለ የደም ሥር ይገባበታል፣ ሕዋስ ይሞላዋል፣ ተፈጥሮው ወደ ክርን ጅማት ይለወጣል። ይህ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሕመሙ ግን ቀድሞ ይጠፋል፤ ቁስሉ ሽሯላ! ችግኝ ተክለህ ቀጥ ብሎ ስላየኸው ሥር ሰዷል ማለት አይደለም አለች። አያማትም ማለቴን እያስታወሰች መሆኑ ገብቶኛል።

15ኛው ስለታም ነበር። በዞኑ የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ በፊት ውድድር ላይ እንተዋወቃለን። ጥያቄዬ ጥያቄ እንዳልሆነ፣ መልሱን ይዤ ምስክር ፍለጋ እንደወጣሁ፣ ልጅቱ ካልወረወረች በውርወራ ነጥብ የማገኝበት ሌላ ሰው እንደሌለኝ እዚያው በአደባባይ ዘረገፈው። 16ኛው የኔ መልስ ነው። ሰውየው ራሱ ስንት ልጅ እንደሰበረ ቆጠርኩለት፣ በማያገባው መግባቱን ነገርኩት፣ አንድ ሁለት የማይደገም ቃልም አለበት። 17ኛው የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ለሁለታችንም ነው የተጻፈው፤ የበለጠ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።

በ18ኛው የደብረ ሲናው ልጅ ነገሩን ሊያበርድ ኦታኒን ይዞ መጣ። ይህን ጃፓናዊ የማታውቁ ካላችሁ፣ ወርዋሪም መቺም የሆነ ብርቅ ተጫዋች ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2023 ቀኝ ክርኑን ለሁለተኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነ። በመጋቢት 2024፣ ማለትም በስድስት ወር፣ ዱላ ይዞ ሲመታ ነበር፤ ያን ዓመት 54 ሆምራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መታ። ለመወርወር ግን እስከ ሰኔ 2025 ጠበቁት፤ ሃያ አንድ ወር! አንድ ሰው፣ አንድ ክርን፣ አንድ ኦፕራሲዮን፤ የተመለሰበት ቀን ግን ሁለት። የደብረ ሲናው ልጅ ይህን ሲጽፍ ማንንም አልወቀሰም። የሚጠየቀው ስንት ወር ሆነው ብቻ ሳይሆን ወደ ምን ይመለሳል የሚለው ነው፤ ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ ለኔ በደንብ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከ19 እስከ 24 ጦርነት ነው። ባለ ወጌሻው ተመልሶ መጣ፤ አያቱን የሚደግፍ ሌላ ሰውም ከእነዋሪ አገኘ። የወለቀ ትከሻ የተመለሰለት አለ፣ ወለምታው በአንድ ቀን የለቀቀው አለ። በሌላ ወገን አንዲት እናት ልጇ ከዛፍ ወድቆ ክርኑን ወጌሻ ሲያሽለት ከርሞ ዛሬ እጁ አፉ ጋ እንደማይደርስ ጻፈች። ከዚያማ መሰዳደብ ሆነ፤ ፈረንጅ አምላኪ፣ ቅቤ ራስ፣ ምናምን። ፊዚዮዋ መሐል ገብታ አያትየውን ሳትነካ አንድ ነገር ብቻ አለች። የተጎዳ ክርን በኃይል ሲታሽና በግድ ሲዘረጋ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ ያን ጊዜ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ክርን ቶሎ የሚደርቅ አኩራፊ መገጣጠሚያ ነው። መንቀሳቀስ አለበት፤ ግን በራሱ ጡንቻ፣ በልኩ።

25ኛው ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ታዲያ የሚመለሱበት ቀን በምን ይታወቃል፣ ቁርጡን ንገሩን አለ። በ26ኛው ፊዚዮዋ ቁርጥ የሚባል ቀን እንደሌለ ነግራው ጀመረች። ከሁሉ በፊት የትኛው ኦፕራሲዮን እንደተደረገ ይታይ፤ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ የራሱ ተሰፍቶ በጠንካራ ክር የተደገፈለት ሰው በግማሽ ዓመት ገደማ ሊመለስ ይችላል። አዲስ ጅማት የተተከለለት ወርዋሪ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ነው የሚፈጅበት። ቀኑ ደግሞ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ቀኑ ሳይሞላ አይወረወርም፣ ስለሞላ ብቻም አይወረወርም። ቀኑ ሲሞላ እጁ ይፈተናል። ሙሉ ይዘረጋል ወይ? ጤነኛው እጅ የሚጨብጠውን ያህል ይጨብጣል ወይ? ትከሻው እንደ ድሮው ይዞራል? በአንድ እግር ቆሞ ወገቡን ይይዛል? ጦርን የሚወረውረው እግርና ወገብ ነው፤ እነሱ ሲሰንፉ ሥራው ሁሉ ክርን ላይ ይወድቃል። ስምንት ወር እጇን ስንጠብቅ እግሯን ማን አሠራው ብላ ስትጠይቅ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ውርወራው ራሱ ደረጃ አለው። በቤዝቦሎቹ ልማድ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ወር ገደማ በቀላል ኳስ፣ ከ14 ሜትር ገደማ፣ ቀን እየዘለሉ ይጀመራል። እየጨመረ እየጨመረ እስከ 55 ሜትር ይሄዳል። ኳሱ 145 ግራም ገደማ ነው፤ የሴት ጦር 600 ግራም። ስለዚህ ጦሩ ከኳሱ በኋላ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ በሦስት እርምጃ፣ በመጨረሻ ከነሩጫው። በየደረጃው ዳኛው የነገው ጠዋት ነው። ሲነጋ ክርኑ ከቆረቆረ አንድ ቀን ዕረፍትና ያንኑ ደረጃ መድገም። እያሟሟቁ ቆርቁሮ ካልለቀቀ ደግሞ ማቆም፣ ሁለት ቀን ማረፍና አንድ ደረጃ መውረድ። ይህን ሁሉ ጨርሳ ሳይቆረቁራት ከወጣች ያኔ ስለ ውድድር ይወራል።

27ኛው ይህ ሁሉ መሣሪያ ላለው ነው፣ እኛ ጨብጦ መለኪያ እንኳ ከየት እናመጣለን አለ። እውነቱን ነው። በ28ኛው ከፊዚዮዋ መልሱ መጣ፤ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያሳቀኝም እሱ ነው። ክርኑን አጥፎ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ወደ ኋላ መሳብ የሚባል ፍተሻ አለ፤ ውስጠኛው ጅማት ከታመመ እዚያ ላይ ይናገራል። ፈረንጆቹ ስሙን ያወጡለት ከላም ማለብ ነው። አውራ ጣቱ ጡት ሆኖ ይታለባል ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ግን የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ ቤታችሁ እንዳትጎትቱ ብላ አስጠነቀቀች። ወዲያው 29ኛው ከመሐል ሜዳ፣ እሱ በቀን ሁለቴ ሦስት ላም እያለበ ማንም ሐኪም መርምሮት እንደማያውቅ ጻፈ።

30ኛው፣ 31ኛውና 32ኛው ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ላይ ነጎዱ። ዬጎ ቪዲዮ እያየ ጦር ተምሮ በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ እኛስ ምን ጎደለን የሚል ነው። አንዱ ጦር የጎደለን ነው አለ። እኔም አልፈረድኩም፤ የኔ ልጆች ግማሹ ቀርከሃ ነው የሚወረውሩት።

33ኛውን ሳነብ ምሽት ነበር። የጻፈው የድሮ ተማሪዬ ነው። መምህር ብሎ ነው የጀመረው፤ እንደ ድሮው። እዚህ ሥራ ስጀምር ከያዝኳቸው ወርዋሪዎች አንዱ ነው። ክርኑን ይቆረቁረው ነበር፤ እኔ ቅባት ቀብቼ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ ብዬ ወደ ሜዳ እመልሰው ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድን። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ትምህርቱን ጨርሶ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። ቀኝ እጁ ሙሉ ስለማይዘረጋ ወደ ኋላ ወንበር ሒሳብ ለመቀበል አይደርስም፤ ተሳፋሪው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው የሚሰጠው። ቂም እንደሌለው ጻፈ። ይህን የሚነግረኝ ልጅቷን ስላላወቃት፣ እኔን ግን ስለሚያውቀኝ ነው አለ። አንድ ቀን በእሱ ባጃጅ ተሳፍሬ ዘንበል ብዬ ከፍያለሁ። ወንበሩ ጠቦ ነበር የመሰለኝ።

34ኛው የልጅቷ ነው።

ቡድኑ ውስጥ እንዳለች አላውቅም ነበር። ሦስት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው። ለፋሲካ አገሯ ገብታ ነበር፤ የበልግ ገብሳቸውን ጭላዳ እየወረደ ይነቅለዋል፤ እናቷ ብቻዋን ናት። አራት ጠዋት በወንጭፍ ስትከላከል ሰነበተች፤ ወንጭፉ ሲበጠስ በእጇ ድንጋይ። ይህ ከውርወራ ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ይህን ሁሉ ቀን ስለ እጇ ሲወራ እሷን የጠየቃት ሰው አለመኖሩንም በዚያው ጨመረች።

እኛ ከ14 ሜትር ይጀመር ከ20 እያልን ስንፈላሰፍ እሷ ሚያዝያ ላይ መንዝ ገደል አፋፍ ቆማ ስትወነጭፍ ነበር ማለት ነው። በየትኛው ደረጃ፣ በስንት ቀን ዕረፍት፣ ጭላዳ ይጠየቅ።

በ35ኛው ፊዚዮዋ አልተቆጣችም። ጥያቄ ብቻ ነው ያዘነበችው፤ በቀን ስንት ያህል፣ በማግስቱ ጠዋት ምን ተሰማሽ፣ ማታስ፣ ጣቶችሽስ? 36ኛው የልጅቷ መልስ ነው። አልቆጠረችም፤ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ረፋድ። ክርኗን አላመማትም። ማታ ማታ ግን ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ከብርዱ መስሏት ነው ያልተናገረችው። አንድ ወር አልፎታል።

በ37ኛው፣ በፊዚዮዋ መልስ፣ ወሬው ሁሉ ቆመ። ክርናችሁን ስትጋጩ እንደ ኤሌክትሪክ ጣት ድረስ የሚነዝር ቦታ አለ አይደል? እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ነው እነዚህን ሁለት ጣቶች የሚያዘው፤ የተቀደደውም ጅማት አጠገቡ ነው። ነርቩ ተቆጥቶ ወይ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሆነ በጽሑፍ አይታወቅም፤ ጦርም ድንጋይም ወንጭፍም ይቁም፣ የቀደዳት ሐኪም በቶሎ ይያት። 38ኛው የደብረ ሲናው ልጅ ነው፤ ቶሚ ጆንም ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ጥቂት ወራት በኋላ በዚሁ ነርቭ ምክንያት እንደገና መቀደዱን፣ ግን መመለሱን አስታወሰን። ልጅቷ እንዳትደነግጥ ብሎ ነው።

39ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ወጌሻው። አያቱ እንኳ ያችን የምትነዝረዋን ቦታ በጣት እንደማይነኳት ጽፎ፣ ልጅቱን ማንም እንዳያሻት አደራ አለ። በ40ኛው ትልቁ ሰው ተመልሰው እንደገና መረቁን፤ አሁንስ መርፌ የለበትም።

41ኛው የኔ ነው። ለ15ኛው ሰውዬ ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ። ለዞኑ ከሞላሁት ቅጽ ላይ ስሟን መሰረዜን ጻፍኩ። አዎ፣ ጥያቄውን ስለጥፍ ስሟ ቅጹ ላይ ነበር፤ በእስክሪብቶ። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ይዣት አዲስ አበባ እንደምወርድና ከዚያ በኋላ መቼ እንደምትወረውር የምናገረው እኔ እንዳልሆንኩ ጨመርኩ። 42ኛው የሰውየው ነው። ይቅርታዬን ተቀብሎ፣ ልጅቱ ሰኔ ላይ ከፈለገች ሜዳው ላይ ከእሱ ልጆች ጋር ሜትር ትያዝ አለ።

43ኛው ከሞላሌ ነው። እሱ ሐኪሙም ውድድሩም አላሳሰበውም፤ ለመሆኑ ገብሱን ማን ሊጠብቅ ነው አለ።

ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ጠየቅኳት። ጫጫን አልፈን ነበር፤ እጇን በጋቢዋ ጠቅልላ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ታናሽ ወንድሟ ወንጭፉን ተረክቧል። ግራኝ ነው፤ ከእሷም ያርቃል አለች።

ስንት ዓመቱ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።